«ሳም» ስንት ይሆናል?

ልጅ አይሰማም የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ ቆዩኝ። ልጅ ይሰማል። ችግሩ የሚሰማው በራሱ ጆሮ መሆኑ ነው።

እዚህ ካምፓላ፣ ንቲንዳ፣ ሐበሻ ጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ትምህርት ቤት የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ቲቸሯ «ላይ ዳውን» ትላለች፣ ጋደም በሉ ለማለት። ሌላው ሁሉ ይጋደማል፤ ይቺ ወንበር ላይ ትወጣለች። እናቷ ብትጠይቃት ምን ብትል ጥሩ ነው? ቲቸሯ መጀመሪያ «ላይ» ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ «ዳውን» ትላለች፣ እስቲ ራሷ ትወስን አለች።

በሰው ልጅ ስስቅ ከረምኩ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

ልጄ ናሆም ስድስት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ብዙም አልቆየን። አንድ ቀን ከምሠራበት የካባላጋላ ምግብ ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ተጠራሁና ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሄድኩ። ቲቸሩ ተቀይማለች። የሒሳብ ደብተሩን ወደ ፊቱ አስጠግታ «ሳም» ስትለው ደብተሩን ይስማል። ደግማ ስትለው ደግሞ ይስማል፣ በግንባሩም ይነካል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ወይ እየቀለደብኝ ነው ወይ ምንም አይገባውም፣ ስለዚህ ቤቢ ክላስ ይውረድና ከሕፃናቱ ጋር ይቀመጥ አለችኝ።

ከዚያ ግን ነገሩ በራልኝ። እዚህ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ድምር ሲል ልክ «ሳም» ብሎ ነው የሚጠራው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ወደ አፉ አስጠግቼ «ሳም» የምለው እናቱ ነኝ። ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ?

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ልጁ ሰምቷል፤ የሰማው ግን በእኛ ቋንቋ ነው» አልኳት። ትርጉሙንም የገዛ እጄን ስሜ አሳየኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ቤቢ ክላሱም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አስተማሪው እኔ ሆንኩ። ማቶኬ ለሚባለው ምግብ ልልጥ የገዛሁትን ሙዝ እደረድርና፣ ሁለት ፕላስ ሦስት፣ ሳም? እለዋለሁ። አምስት ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዳዊት ማሳሙን እንኳ ለጊዜው ተውኩት፣ እንዳይምታታበት ብዬ።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው «ሳም ልጄ» አሉት። ናሆም መስቀሉን አየ። ግራና ቀኙንም አየ። ከዚያ ለመቁጠር ጣቶቹን ዘረጋ።

«ፕላሱን አይቼዋለሁ» አለ። «ቁጥሮቹ የት አሉ?»

ቄሱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። መልሱማ አለኝ፣ አንዴ ሠርቶልኛል። «አባ፣ ልጁ ሰምቷል፤ የሰማው ግን...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። በማን ቋንቋ ልበል? በእነ ቲቸሩ ብል ልጄን ከእኛ መቀነሴ ነው። በእኛ ብል ደግሞ ቄሱን።

አባ መስቀላቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ልጄም ጣቶቹን። ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ።