የመንገዱ ባለርስት፣ እትዬ ጋሪፋልያ

የሕዝብ መንገድ ባለበት ሁሉ፣ መንገዱን አባቷ በኑዛዜ ያወረሷት የሚመስላት አንዲት ሴት አለች። ቀልዴን አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ እየመራሁ ተራራ ስወጣና ስወርድ፣ እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት መንደር አልገጠመኝም። በእናንተም ሰፈር አትጠፋም። መኪናችሁን ስታቆሙ በመስኮት ብቅ ብላ "እዚያ አይቆምም!" የምትለው፣ የተከራያችሁ እንግዳ ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣ ሳትጠየቅ የምትነግራችሁ፣ እሷ ናት።

የእኛ መንደር፣ የሊታሪ፣ ዕጣ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። የእኛዋ ክብርት እትዬ ጋሪፋልያ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት፣ ቀሚሳቸው ጥቁር፣ ካልሲያቸው ጥቁር፣ ድምፃቸው መንደራችን ካለበት ከፒሊዮን ተራራ ወገብ ተነስቶ ባሕር ላይ ያለውን ዓሣ አጥማጅ ቀና የሚያደርግ ነው። ባላቸው ከሞቱ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚያስተዳድሩት መንገዱን ብቻ ነው።

መንገዱ ከመንደራችን እስከ ባሕሩ የሚወርድ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ዱሮ በቅሎ ወይራና ፖም ይጫንበት ነበር፤ ዛሬ እኔ የውጭ አገር እንግዶችን እመራበታለሁ። ከፋሲካ እስከ ጥቅምት ድረስ የእኔ እንጀራ እሱ ነው። ታዲያ ይህ መንገድ በእትዬ ጋሪፋልያ ደጅ ያልፋል። እሳቸው ግን እንዲህ አይሉም፤ "በደጄ እንዲያልፍ ፈቅጄለታለሁ" ነው የሚሉት።

ፈቃዱም በር አለው። በሩ የተዳሩበት የብረት አልጋ ነው። በጎኑ አቁመው፣ ከወይራው ግንድ ጋር በሰማያዊ ገመድ ጠፍረው፣ የፍየል ቃጭል አንጠልጥለውበታል። ቋጠሮውን ከእሳቸው በቀር የሚፈታው የለም። ቃጭሉ ሲንቃጨል ክብርትነታቸው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይወጣሉ።

"ለፍየሎቹ ነው" ይላሉ።

"ፍየሎቹ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው እኮ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የሰው ፍየልስ የለም?"

ቃጭሉ ከተሰማ በኋላ ጥያቄው ይመጣል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ለመንደሩ ልጅም፣ ለፖስተኛውም፣ ከዓለም ዳርቻ ለመጣውም እኩል ይቀርባል። "የማን ነህ?" ወይም "የማን ነሽ?" ስማችሁን አይፈልጉትም፤ ሥራችሁ ምናቸውም አይደለም። የማን ናችሁ? በቃ።

አንድ ጊዜ ቁመቱ ከበራቸው ላይ የሚተርፍ የሆላንድ ጥርስ ሐኪም ይዤ መጣሁ። "የማን ነህ?" አሉት። ተረጎምኩለት። ሰውየው ትንሽ አስቦ "የማንም አይደለሁም፤ ብቻዬን ነው የመጣሁት" አለ።

"የማንም ያልሆነ ሰው በደጄ አያልፍም" አሉ እትዬ ጋሪፋልያ፣ እጃቸውን ከቋጠሮው ላይ አንስተው። ዐሥራ አንድ ሰው ከኋላው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ልመና ጀመርኩ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ ምስኪን፣ አያቱ ዳቦ ጋጋሪ እንደነበሩና ሄንድሪክ እንደሚባሉ ተናዘዘ።

"እንዲህ አትልም ታዲያ!" አሉና ገመዱን በአንድ ሳብታ ፈቱት።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን ታለፈ ማለት አይደለም። ግብዣ አለ። በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ በትንሽ ሰሃን፣ በማንኪያ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው ዐሥራ ሁለት። እሳቸው ደግሞ ያላቸው አራት ማንኪያ ነው፤ ስለዚህ በዙር ይበላል፣ በመሃል ይታጠባል። ስኳር በሽታ አለበት ብዬ አንዱን ላስመልጥ ስሞክር "ይህ ስኳር አይደለም፣ ብርቱካን ነው" ብለው አፉ ላይ አቀረቡለት። በፕሮግራሜ ላይ "የአምስት ደቂቃ ዕረፍት" ተብሎ የተጻፈው ቦታ ይህ ነው።

የእውቀት ነገርማ አይነሳ! ለእንግዶቼ በተቻለኝ ድምፅ "ይህ መንገድ ሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው" ስል፣ ከግንቡ ማዶ "ሁለት መቶ ሰማንያ!" የሚል ይመጣል። የእንግዶቼን የመራመጃ ዱላ አይተው "እነዚህ ልጆች ሁሉ አንካሳ ናቸው?" ብለው አዘኑላቸው። አንድ የካቲት ላይ እንግዳ እንዳይጠፋ ብዬ በየድንጋዩ ቀይ ነጥብ ቀባሁ። ለፋሲካ መንደሩ ቤቱንና ግንቡን ኖራ ሲቀባ፣ እትዬ ጋሪፋልያ ነጥቦቼን አንድ በአንድ በኖራ ሸፈኑልኝ።

"ምን አደረጉ እትዬ? የአንድ ሳምንት ሥራ እኮ ነው!"

"ድንጋዩ ኩፍኝ የወጣበት መስሎኝ ነዋ።"

በዚያው ወር ያለ መሪ የወረዱ የቤልጂግ ባልና ሚስት ፖም ማሳ ውስጥ ጠፉ። እትዬ ጋሪፋልያ ራሳቸው ፈልገው፣ እንደ ባዘነ ከብት ከፊት ከፊታቸው እየነዱ አመጧቸው። "አየህ" አሉኝ፣ "ቀይ ነጥብ ሰው የሚመራ ቢሆን ኖሮ አንተ ለምን ታስፈልጋለህ?" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ከሁለታችን ሞኙ የትኛው እንደሆነ ግራ ገባኝ።

እንዲህ እየተናቆርን ስንኖር፣ ባለፈው ጥር ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። በአራተኛው ቀን ልየው ብዬ ስወርድ፣ ከምንጩ በታች ስድሳ እርምጃ ያህል መንገድ የለም። ድንጋዩ ሁሉ ገደል ገብቷል። ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ጸሐፊ በትሕትና አስረዳኝ፤ ጥናት ይደረጋል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው። እንግዶቹን የሚልክልኝ ድርጅት ደግሞ መንገዱ ለፋሲካ ካልደረሰ ቡድኖቹን ወደ ሌላ ተራራ እንደሚያዞር ጻፈልኝ። ውጭ አገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ ምግብ ቤት የሚሠራው የአጎቴ ልጅ "ምን ትጠብቃለህ? ወጥ ቤት ውስጥ ሰው እንፈልጋለን" አለኝ። ሚስቴ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ጠረገች። ለፋሲካ መንገዱ ካልተከፈተ ቤታችንን ቆልፈን እንሄዳለን ማለት ነው።

ይህንን በፕሮድሮሞስ ቡና ቤት ማታ ተናገርኩ። በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጋሪፋልያ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘዋል። ደስ ብሏቸው ሊያላግጡብኝ የመጡ መሰለኝ።

"አርጊሪ፣ የማን ነህ?"

"እትዬ፣ ዛሬስ ይተዉኝ። ስወለድ ያዩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ጠየቅሁህ።"

"የዛፊራኪ ቤት ነኝ።"

"የዛፊራኪ ቤት ድርሻ የት ነው?"

"የምን ድርሻ?"

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሬ ላይ እንደቆሙ፣ ጸሎት እንደሚደግም ሰው፣ መንገዱን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ወረዱት። ከትልቁ ድንጋይ እስከ ምንጩ የእነ እገሌ። ከምንጩ እስከ መታጠፊያው ዐሥራ አንድ እርምጃ የዛፊራኪ። ቀጥሎ ዐሥራ ሦስት የፕሮድሮሞስ አባት። ከዚያ የጠበቃው የስታማቲስ አያት፣ ከዚያ የአናጺው፣ ከዚያ ሁለት ቤቶች፣ በመጨረሻ ስድስት እርምጃ የእሳቸው አባት። ዱሮ ክረምቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድርሻ ይጠግን ነበር። ያልጠገነ ሰው በቅሎ በሌላው ድርሻ አያልፍም። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚቀሰቅሱት ደግሞ የእትዬ ጋሪፋልያ አባት ነበሩ።

"ሲሞት 'አትርሺ' አለኝ" አሉ። "እኔም አልረሳሁም። ሰው ሲያልፍ የማን እንደሆነ ካላወቅሁ፣ መንገዱ ሲፈርስ ማንን እጠራለሁ?"

አፈርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወሬ ጠማቸው እያልኩ በየቡና ቤቱ ሳስቅባቸው ኖሬያለሁ።

"ሁሉም እኮ ሄደዋል እትዬ። ድርሻቸው ከፈረሰው ሰባት ቤት አራቱ ዝግ ነው።"

"ስልክ የላቸውም?"

ስልክ ነበራቸው። ወዮላቸው! አቴና ያለው ጠበቃው ስታማቲስ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እትዬ" ቢላቸው፣ "እዚያ ያሉትስ የማን ናቸው?" ብለው ጠየቁት። "የአያትህ ድንጋይ ገደል ገብቶ አንተ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ?" አሉት። ሌላዋ፣ ቮሎስ ከተማ ፀጉር ቤት ያላት፣ "ወገቤን ያመኛል" ስትል "የአያትሽንም ያመው ነበር፤ ና ሲባል ግን ይመጣ ነበር" ብለው ዘጉባት። ስልኩን እኔ ነበርኩ የምደውልላቸው፤ በየመሃሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ።

መጡ። በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከነልጆቻቸው፣ ሃያ ስድስት ሰው መጣ። እትዬ ጋሪፋልያ ከቡና ቤቱ ወንበር አስወጥተው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰየሙ። ድንጋይ ከታች እየተቀባበልን እናወጣለን፣ እሳቸው ምርኩዛቸውን እየቀሰሩ ያዝዛሉ። "ድንጋይ ፊት አለው! ፊቱን ፈልግ! ያ ጀርባው ነው፣ ጀርባውን ለሰው ይሰጣል?" ጠበቃው የደረደረውን ሦስት ጊዜ አስፈረሱት። ምሳ ጾም ስለነበረ የቦሎቄ ሾርባና ወይራ ነው የበላነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል፤ ምንም እንኳ ከጌጡ ጋር ወገባችን ቢቆረጥ።

ከቀትር በኋላ ወጣቱ ጸሐፊ ከወረዳው መጣ። "ፈቃድ ሳይኖር መሥራት አይቻልም" አለ፣ በትሕትና።

"የማን ነህ አንተ?" አሉ እትዬ ጋሪፋልያ።

"የ... ወረዳው ሠራተኛ ነኝ።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

ልጁ የአባቱን ስም ተናገረ፣ ከዚያ የእናቱን። ክብርትነታቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "የእናትህ እናት የአናጺው ልጅ አይደለችም እንዴ! አራት እርምጃ አለብህ፣ ልጄ። ኮትህን አውልቅ።"

አወለቀ።

በማግስቱ፣ በሆሳዕና፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስድስት እርምጃ ብቻ ቀረ። የእትዬ ጋሪፋልያ ድርሻ ነው። ሁላችንም ድንጋይ አንስተን ስንጠጋ ምርኩዛቸውን አገድመው ያዙ። "የሰው ድርሻ አይነካም።" ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከብዙ ልመና በኋላ ትልልቁን እንዳነሳላቸው ፈቀዱልኝ፤ ፊቱን የሚፈልጉትና የሚያስቀምጡት ግን እሳቸው ናቸው። ስድስቱን እርምጃ ለመጨረስ እስከ ምሽት ፈጀብን። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ጠበቃው፣ ጸሐፊው፣ የፀጉር ቤቷ ባለቤት፣ ሁሉም ቆመው ጠበቁ።

ሚስቴ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ቡድን መጣ፣ ዐሥራ ሁለት ሰው። በአልጋው በር ደረስን፣ ተጠየቅን፣ ብርቱካናችንን በአራት ማንኪያ በላን። አመስግኜ ልንቀሳቀስ ስል እትዬ ጋሪፋልያ ወደ ውስጥ ገቡና ወጡ። እግራቸው ላይ የወንድ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳ አለ።

"ወዴት ነው እትዬ?"

"ወደ ባሕሩ ነዋ። ሰውየው ከሞተ ጀምሮ አልወረድኩም። ብቻዬን ሄጄ ብወድቅ ማን ያገኘኛል?"

"ዐሥራ አራት ዓመት! በየቀኑ በደጅዎ ሳልፍ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸኝማ" አሉ፣ ቦርሳቸውን እያስተካከሉ።

ምን ልበል? መንገዱን ሁሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ሳሳይ ኖሬ፣ እሳቸውን አንዲት ቃል አልጠየቅሁም።

"በል፣ መሪ አይደለህ?" አሉኝ። "ምራ!"

መራሁ። ክንዴን ይዘው፣ በየመታጠፊያው እያረሙኝ፣ የሦስት ሰዓቱን መንገድ በአምስት ሰዓት ወረድን። እንግዶቼ አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ የእኔን ታሪክ ትተው የእሳቸውን እንድተረጉምላቸው ብቻ ለመኑኝ። ባሕሩ ዳር ጫማቸውንና ጥቁር ካልሲያቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ብዙ ቆሙ። "ቀዝቃዛ ነው" አሉ፣ እንደ ጥፋተኛ እያዩኝ፤ ግን አልወጡም።

ማምሻውን በፕሮድሮሞስ መኪና በአስፋልቱ ዞረን ቤታቸው ስናደርሳቸው፣ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?"

"በሁለት ሰዓት።"

"ይረፍዳል። በአንድ ተኩል ይሁን።"

በማግስቱ በአንድ ተኩል ደጃቸው ነበርኩ።