የከተማው ማጅራት

[አንድ ዝቅ ያለ ቤት ለሁለት ተከፍሏል። ግራው ፀጉር ቤት፣ ቀኙ ጎማ ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ጎሚስታው የእህቱ ባል ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ራሰ በራ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ተቆፍሯል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ከጣሪያው በላይ የሚያልፍ ረጅም ኮንክሪት በምሰሶ ላይ ተዘርግቷል። ሁለቱ ሰዎች በሩ ላይ በተሰቀለች አንዲት ጎማ ይጨቃጨቃሉ።]

ኢንጂነር፦ አውርዳት አልኩህ፣ አውርዳት።

ጎሚስታው፦ አንዲት ጎማ ምን ታደርግሃለች ጋሼ? ሌሎቹን ሁሉ ወደ ጓሮ ወስጃለሁ። እሷ ካልተሰቀለች ሰው ጎማ ቤት መሆኑን በምን ያውቃል?

ኢንጂነር፦ አይወቅ። ዛሬ የሚያየን ሰው አይደለም፣ ኮሚቴ ነው።

ጎሚስታው፦ ኮሚቴ ሰው አይደለም እንዴ?

ኢንጂነር፦ ለየብቻው ሲሆን ሰው ነው። አንድ መኪና ውስጥ ሲገባ ኮሚቴ ይሆናል። አሁን ስማኝ፣ ደግሜ አልነግርህም። ዛሬ አዲሱ አውራ ጎዳና ይመረቃል። ኮሚቴው መንገዱ ላይ እየሄደ ግራና ቀኝ ያያል። ከመንገዱ ሲታይ ያማረ ቤት ይተርፋል። ያላማረውን በቆርቆሮ ይጋርዱታል።

ጎሚስታው፦ ከጋረዱትስ?

ኢንጂነር፦ ከጋረዱትማ አለቀልኝ። ሰው የማያየው ፀጉር ቤት ምኑን ፀጉር ቤት ሆነ? መቀሴን ይዤ የሰው አጥር ልከርክም?

ጎሚስታው፦ [ጎማዋን አውርዶ እንደ ሕፃን እያቀፈ] ኧረ እንደሱ ከሆነ ትውረድ። ግን ጋሼ፣ መንገዱ የታለ?

ኢንጂነር፦ [ፊት ለፊት የተቆፈረውን እያሳየ] ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?

ጎሚስታው፦ ይሄማ ጉድጓድ ነው።

ኢንጂነር፦ ለጊዜው ነው። ትልቅ መንገድ ሁሉ ሲጀመር ጉድጓድ ነው።

ጎሚስታው፦ ዛሬ ይመረቃል አላልክም?

ኢንጂነር፦ ሲመረቅ ያለቀ መንገድ የት አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ይመረቃል፣ ከዚያ መንገዱ ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ጎሚስታው፦ ቱቦ ሲቀብሩበት አየሁ እኮ። ሰው የሚያሳልፍ ቱቦ።

ኢንጂነር፦ የመብራት ቱቦ ነው። አውራ ጎዳና ዳር ዳሩን መብራት አለው።

ጎሚስታው፦ ይሸታል ደግሞ።

ኢንጂነር፦ ገና ስላልበራ ነው።

ጎሚስታው፦ [ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ] እሺ፣ ከኋላችን ያለው ያኛውስ?

ኢንጂነር፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

ጎሚስታው፦ ትናንት ሮለር ሲሄድበት አየሁ።

ኢንጂነር፦ ለውሃው እየደለደሉለት ነዋ። ውሃ ወጣ ገባ ላይ አይተኛም።

ጎሚስታው፦ አስፋልትም አፍስሰውበታል።

ኢንጂነር፦ እንዳያንጠባጥብ።

ጎሚስታው፦ መሀል ለመሀል ነጭ መስመር አስምረውበታል።

ኢንጂነር፦ [ትንሽ አሰብ አድርጎ] በአንዱ በኩል ሙቅ ነው፣ በአንዱ በኩል ቀዝቃዛ።

ጎሚስታው፦ [ከልቡ ተደንቆ] አንተ ግን ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ነው የምታመጣው?

ኢንጂነር፦ ከጭንቅላት። በቀን ስንቱን ጭንቅላት አገላብጣለሁ መሰለህ። የሚያውቁት ሁሉ በእጄ በኩል ይገባኛል። አሁን ና እዚህ ቁም፣ የሰፈሩን ፊት ተመልከት። በማን ምክር ነው እንዲህ ያማረው?

ጎሚስታው፦ ባንተ።

ኢንጂነር፦ ልብስ ሰፊዋን እያት። የተሰነጠቀው ግድግዳዋ ላይ መስታወት አስለጠፈች። ባለ ሻይ ቤቱን እየው፣ ፎቅ አወጣ።

ጎሚስታው፦ ፎቅ የለውም እኮ። ባዶ ግድግዳ ነው ወደ ላይ ያቆመው። በቀደም ነፋስ ሲመጣ ያዙልኝ ብሎ ሁላችንንም አልጠራንም?

ኢንጂነር፦ ከመንገድ ሲታይ ፎቅ ነው።

ጎሚስታው፦ አናጢው ደግሞ ግድግዳው ላይ የመስኮት ሥዕል አሣለ። አንዱ እንግዳ እከፍታለሁ ብሎ ሲታገል ጥፍሩ ተነቀለ።

ኢንጂነር፦ ከመንገድ ሲታይ መስኮት ነው። መንገድ ገብቶ አይቀመጥም፣ አይቶ ያልፋል። ለሚያልፍ ነገር ፊት ይበቃዋል።

ጎሚስታው፦ ጀርባውስ?

ኢንጂነር፦ አየህ፣ ሙያ ማለት እዚህ ላይ ነው። ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ምንድን ነው የሚያየው? መስታወት። መስታወቱ ውስጥስ? ፊቱን። ስለዚህ ግንባሩን አስተካክላለሁ፣ ጆሮ ግንዱን አሳምራለሁ።

ጎሚስታው፦ ማጅራቱን ትተወዋለህ።

ኢንጂነር፦ ማጅራት ማን ያያል?

ጎሚስታው፦ ከኋላ ያለ ሰው።

ኢንጂነር፦ ከኋላ ያለ ሰው መቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? እኔ የምሠራው ለተቀመጠው ነው።

ጎሚስታው፦ እውነትህን ነው። እኔም ሰልፍ ስቆም ከፊቴ ያለው ያንተ ደንበኛ እንደሆነ ወዲያው ነው የማውቀው።

ኢንጂነር፦ [ደረቱን ነፍቶ] ሥራ እንዲህ ነው የሚታወቀው። የራሴንስ ፀጉር ማንን አስነክቼ አውቃለሁ? ራሴው ነኝ የምቆርጠው፣ በመስታወት። ከተማም ልክ እንደ ጭንቅላት ነው። ፊቱን አሳምር፣ ማጅራቱን ተወው። ለመሆኑ የቤቱን ፊት ስንቀባ የተረፈውን ቀለም ደፋኸው?

ጎሚስታው፦ [አንገቱን አቀርቅሮ] አልደፋሁትም።

ኢንጂነር፦ የት አደረስከው ታዲያ?

ጎሚስታው፦ አሳዘነኝ። ደህና ቀለም እንዴት ይደፋል? በጓሮ በኩል ያለውን የኔን ግድግዳ ቀባሁበት።

ኢንጂነር፦ ጓሮውን?

ጎሚስታው፦ ሲተርፈኝ ያረጁትን ጎማዎችም ቀባኋቸው። ቢጫም፣ ሰማያዊም። አፈር ሞላሁባቸውና እህትህ አበባ ተከለችባቸው።

ኢንጂነር፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] ጓሮ ውስጥ አበባ! ለማን ነው? ለድመት?

ጎሚስታው፦ እዚያ ቁጭ ብዬ ስለምሠራ እኔ አየዋለሁ ብዬ ነው።

ኢንጂነር፦ ወይ እህቴ፣ ለማን ሰጠሁሽ። የኔን በኩልስ ነካካኸው?

ጎሚስታው፦ ኧረ በጭራሽ። የተሰበረው ወንበርህም፣ ፀጉር የሞላው ማዳበሪያህም እንዳለ ነው። ፎጣዎችህም ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ያ ቡኒው ፎጣ ግን ቢታጠብ ጥሩ ነበር።

ኢንጂነር፦ ቡኒ ፎጣ የለኝም።

ጎሚስታው፦ እንግዲህ ነጭ ነበር ማለት ነው።

[የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።]

ኢንጂነር፦ መጡ። ቶሎ በል፣ ኮፍያህን አድርግ። መላጣህ ፀሐይ እያንጸባረቀ የሹፌሩን ዓይን ያጠፋል። ና ከኔ ጋር ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁም። ፈገግ በል። እንደሱ አይደለም፣ ጥርስ ያመመው ሰው መሰልክ።

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ ድምፁ የመጣው ከኋላችን ነው።

ኢንጂነር፦ የገደል ማሚቶ ነው።

ጎሚስታው፦ ገደል የታለ?

ኢንጂነር፦ ጉድጓዱ አለ አይደል? አትዙር ብያለሁ። ኮሚቴ ሲመጣ ጀርባ አይሰጥም።

[ሁለቱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመው ለባዶው መንገድ እጅ ይነሣሉ። ከኋላቸው፣ ከጣሪያው በላይ ድምፅ ማጉያ ይንጫጫል።]

ድምፅ ማጉያው፦ እታች ያላችሁ ነዋሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። ኮሚቴው አዲሱን አውራ ጎዳና እየጎበኘ ነው።

ኢንጂነር፦ [ሳይዞር] የውሃ ሠራተኞች ናቸው። ሲቀልዱ ነው።

ድምፅ ማጉያው፦ ባለ አበባ ጎማው ቤት፣ እጃችሁ ይባረክ። ከመንገድ ላይ ሲታይ ደስ ይላል። እናንተ አትጋረዱም። ከአውራ ጎዳናው መውረጃውም በእናንተ በኩል ነው የሚሠራው።

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ ጎማዬን አሉ።

ኢንጂነር፦ ዝም በል፣ ፈገግ በል።

ድምፅ ማጉያው፦ ከጎኑ ያለው፣ ስብርባሪ ወንበርና ቆሻሻ ፎጣ የሞላበት፣ ይጋረዳል። ባለቤቱ ማን ነው? እባክህ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ጀርባህን ሰጥተኸን የቆምከው ሰውዬ፣ ባለቤቱን ጥራልን።

ጎሚስታው፦ ሁለት ነን እኮ የቆምነው።

ድምፅ ማጉያው፦ ማጅራትህን ፀጉር የዋጠው፣ አዎ፣ አንተ።

ኢንጂነር፦ [በከንፈሩ ጫፍ] አንተን ነው። ዙርና አናግራቸው።

ጎሚስታው፦ እኔን?

ኢንጂነር፦ ማጅራቱን ፀጉር የዋጠው ሲሉ አልሰማህም? እኔ ባለሙያ ነኝ፣ እኔን ሊሉ ነው?

ጎሚስታው፦ [ኮፍያውን ቀስ ብሎ አውልቆ] ጋሼ፣ እኔ እኮ መላጣ ነኝ።

[ኢንጂነር እጁን ወደ ማጅራቱ ይልካል። እጁ እዚያው ይቀራል።]

ኢንጂነር፦ ይሄ ምንድን ነው?

ጎሚስታው፦ ፀጉርህ ነው።

ኢንጂነር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?

ጎሚስታው፦ እኔ እህትህን ሳገባም ነበር። በሠርጋችን ቀን ከኋላህ ስሄድ አይቼዋለሁ።

ኢንጂነር፦ ታዲያ ለምን አትነግረኝም?

ጎሚስታው፦ ማጅራት ማን ያያል ስትል እሰማለሁ። ባየው ነውር መሰለኝ።

[ኢንጂነር ቀስ ብሎ ይዞራል። ከጣሪያው በላይ መኪና ቆሟል፤ ሰዎች የኮንክሪቱን አጥር ተደግፈው ቁልቁል ያዩታል።]

ኢንጂነር፦ የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ መኪና አለ።

ጎሚስታው፦ በቀዝቃዛው በኩል ነው የቆመው።

ኢንጂነር፦ [ወደ ላይ እየጮኸ] ጌቶቼ፣ እባካችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት እኮ መስታወት አለ፣ ቀለም አለ፣ ወርዳችሁ ብታዩት...

ድምፅ ማጉያው፦ በዚያ በኩል መኪና አያልፍም፣ የፍሳሽ መስመር ነው። ስንመለስ የጓሮውን ጽዳት አንድ ጊዜ እናያለን። ካልተስተካከለ ቆርቆሮው ይቆማል።

[መኪናው ይሄዳል።]

ኢንጂነር፦ የፍሳሽ ነው አለ?

ጎሚስታው፦ ገና ስላልበራ ነው።

ኢንጂነር፦ [ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዞ] አለቀልኝ፣ አለቀልኝ ወንድሜ። በዚህ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ጀርባ ልቀመጥ ነው። ማን ይመጣልኛል?

ጎሚስታው፦ ኧረ ተነሥ ጋሼ። ምን ትሆናለህ እኔ እያለሁ? ማዳበሪያውን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ፎጣውን ሰብስብ። ደህናውን ወንበርህን ደግሞ ወደ ጓሮ እናውጣው፣ አበባው መሀል። ጓሮዬ ለሁለታችንም ይበቃል።

[እየተሯሯጡ ያጸዳሉ። ወንበሩ በቢጫና ሰማያዊ ጎማዎች መሀል ይቀመጣል። መኪናው ሲመለስ ከሩቅ ይሰማል።]

ኢንጂነር፦ መጡ። ደንበኛ ያስፈልጋል፣ ባዶ ወንበር ምን ያደርጋል? ተቀመጥ።

ጎሚስታው፦ እኔ ምኔ ይቆረጣል?

ኢንጂነር፦ [ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ አውራ ጎዳናው አድርጎ ይቀመጣል] ይኸው፣ እኔ ልቀመጥ። ያዝ መቀሱን። ማጅራቴን ቶሎ በል።

[ጎሚስታው ምላሱን አውጥቶ ፀጉሩን ይቆርጣል። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል።]

ድምፅ ማጉያው፦ አሁን ገና ቤት መሰለ። አበባ መሀል ፀጉር ቤት፣ ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር ነው። ማጅራቱም ጸድቷል። ሁለታችሁም አትጋረዱም።

[መኪናው ያልፋል። ኢንጂነር በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።]

ኢንጂነር፦ ተረፍን። አንተ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ አማቼ ብቻ አይደለህም፣ ወንድሜ ነህ። እስቲ መስታወቱን አቀብለኝ።

ጎሚስታው፦ ምን ያደርግልሃል?

ኢንጂነር፦ አቀብለኝ ስልህ። [ያያል።] ግንባሬ ላይ የነበረው ፀጉር የት ሄደ?

ጎሚስታው፦ ስቸኩል መቀሱ አልፎ ሄደ። ግን አታስብ ጋሼ፣ ከመንገድ ሲታይ አምሮብሃል።