መጀመሪያ የመጣው ሰው ምድጃ

እሳት ሁሉን ያጠፋል ይባላል። አያጠፋም። የጭቃ ምድጃ ግሎ ሲቀዘቅዝ፣ የምድር ማግኔት በዚያን ጊዜ ወዴት ያመለክት እንደነበር ይዞ ይቀራል። አቅጣጫው ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ ተመራማሪዎች የጥንት ሰው መቼ እንዳነደደ ከዚያ ይደርሱበታል። ይህን የነገረችን ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ሃና ናት። ምነው ባልነገረችን!

እዚህ ሚኒሶታ «ከሁሉ በፊት የመጣሁት እኔ ነኝ» የማይል የአገራችን ሽማግሌ አጋጥሟችሁ ያውቃል? በዓመታዊው ግብዣችን ዳቦ የሚቆርሰው መጀመሪያ የመጣው ሰው ነው። ዘንድሮ አቶ ቶሎሳና አቶ ገብረአብ አንድ ቢላዋ ይዘው ተፋጠጡ።

«እኔ ስመጣ ይህ ባቡር አልነበረም» አሉ አቶ ገብረአብ፣ በመስኮቱ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጎዳና ወደሚያልፈው ባቡር እየጠቆሙ።

«ባቡሩማ የትናንት ነው!» አሉ አቶ ቶሎሳ። «ሃናዬ፣ ሮቢንስዴል ባለው ቤቴ ጓሮ ውስጥ እንደመጣሁ የሠራሁት የጭቃ ምድጃ አለ። ቼክ አድርጊልኝና ይህ ሰውዬ ይረፍ።»

ሃና ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ አሁንም ሥጋ ይጠብሱበታል?»

«እንዴታ! ቅዳሜ ለት እንኳ ጠብሻለሁ።»

«እንግዲያው የሚያስታውሰው ቅዳሜን ነው። እንደገና በደንብ ከጋለ የድሮውን ይረሳል።»

«በል ቶሎሳ፣ የመጣኸው ቅዳሜ ነው!» አሉ አቶ ገብረአብ በሳቅ እየተንፈራፈሩ። «እንኳን ደህና መጣህ!»

የእሳቸውም ታሪክ በየግብዣው ስለሚሞቅ፣ ካምናው ግብዣ ወዲያ የሚያስታውሰው ነገር ያለ አይመስለኝም። ቢላዋውን ግን ሁለቱም አልለቀቁም፤ ዳቦው እያየነው ደረቀ።

አንባቢዬ፣ እርስዎም መጀመሪያ እንደመጡ አውቃለሁ። እባክዎ ቢላዋውን ይልቀቁ፤ ርቦናል።