አባሪ የሌለው እንባ

እኔ የማላምነው ነገር ቢኖር ስልክ ላይ የሚፈስ እንባ ነው። ስሙን ደብቆ «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልናገር» የሚል ሰው ሳይ እጄን ያሳክከኛል። አትፍረዱብኝ። ወልድያ ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስቀበል እውላለሁ። የሐዘን ፈቃድ ሲጠየቅ አንድ አጎት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሞት እኔን ጠይቁኝ! ታዲያ የሥራ አመል ሆኖብኝ፣ በየቴሌግራም ቻናሉ እየዞርኩ ከኑዛዜው ሥር «አባሪ አልተያያዘም» ብዬ እጽፋለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ባለፈው አንዲት ሴት ጻፈች። ተማሪ ሳለች ፈተና ወድቃ፣ ትምህርቱን ትታ ልብሷን ልትሰበስብ ከውርጌሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስትሄድ ታለቅስ ነበር አሉ። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው መርሳ ላይ ማንጎ ገዛ። አንዱን አሽቶ አሽቶ አለሰለሰና «ማንጎ እየመጠጡ ማልቀስ አይቻልም፤ አንዱን ምረጪ» ብሎ ሰጣት። ሳቀች። ወልድያ እስኪደርሱ ሲያቀብላት ሲያቀብላት፣ ፌስታሉ ውስጥ አንዲት ስትቀር «ይቺን እንኳ ለሚስቴ» አለ። እሷም ትምህርቷን አልተወችም። ዛሬ መምህርት ናት። ያን ደግ ሰው አግኝታ ብታመሰግነው ምኞቷ ነው።

እንዲህ ያለ ደግ ሰው? በእኛ መስመር? «አባሪ አልተያያዘም» አልኩ። ሌላውም ተከትሎኝ ውሸታም አላት፤ ተዋናይት አላት። በመጨረሻ «በቃ አጠፋዋለሁ፤ ምስጋናዬም ይቅር» ብላ ጻፈች።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ አልሳቀችም።

«አንዲት ማንጎ ብቻ ይዘኽ የመጣኽ ቀን!» አለች። «ሌላው መኪና ውስጥ ተጨፈለቀ አላልኸኝም?»

ብያለሁ! ለማላውቃት ወጣት አበላሁት ብል የሚከተለውን ጥያቄ ፈርቼ ነዋ። ታሪኩን ሳነበው ያላስታወስኩት ደግሞ «ደግ ሰው» ስለሚል ነው። ራሴን በምን ልጠርጥር?

ስልኩን አንስቼ «እህቴ፣ አታጥፊው። ሰውየው እኔ ነኝ። እጅሽን የጠረግሽበት መሐረቤም አንቺው ጋ ቀርቷል። ይቅርታ አድርጊልኝ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። «አባሪ አልተያያዘም!»

ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። ወዲያው ፎቶ ለጠፈች። የኔ መሐረብ! የማንጎው ቢጫ ሳይለቅ፣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ። ከሥሩ «ጋሼ፣ አባሪው እኔ ጋ ነው። እርስዎን ባገኝ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት አስቀመጥኩት። አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎት» ይላል።

አለቀስኩ። እኔ! ስልክ ላይ! እሷንም አመሰገንኩ፣ ያን ቀን መርሳ ላይ ማንጎ ያስገዛኝን ፈጣሪም አመሰገንኩ። ደስታዬን አብራኝ ታይ ብዬ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ፎቶውን በጣቷ አሰፋች። ጥልፉ የራሷ የእጅ ሥራ ነው።

«ይኼንስ» አለች፣ «ግራና ከተማ ገበያ ላይ ኪስ አውላቂ ወሰደው አላልኸኝም?»

መዝገብ ቤቱ አጣርቷል። ከዚያች ልጅ ኑዛዜ ውስጥ አንድም ውሸት አልተገኘም። ሁለቱም ውሸቶች የተገኙት እኔ ቤት ነው።