ለስልኩ ይግባኝ ያለው መምህር

በቼዝ ተሸንፎ ለስልኩ ይግባኝ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም እዚሁ ሐይቅ ከተማ። ወዳጄ መምህር ይማም ነው። ዓሣ ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት ፈረሴን ዝም ብዬ ሰጠሁት። እሱን በልቶ ሲፈነድቅ ንጉሡን መውጫ አሳጥቼ ገደልኩበት።

ሰው ሲሸነፍ እጅ ይሰጣል አይደል? ይማም ግን "ሰሌዳውን ማንም እንዳይነካ!" ብሎ ስልኩን አወጣ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንስቶ ስልኩ ላይ ላለው የቼዝ ፕሮግራም አስገባለት። ያዘዝነው ዓሣ ቀዘቀዘ። ዙሪያችንን የከበበው ተመልካች ችሎት እንደገባ ሰው አንገቱን ወደ ስልኩ አሰገገ። ለመሆኑ የሞተ ንጉሥ ይግባኝ ሲል የት ታይቷል?

በመጨረሻ የይማም ፊት በራ።

"ይኸው! ፈረስህን መስጠትህ ከባድ ስህተት ነው ይላል። ንግሥቴን ባንቀሳቅሳት ኖሮ አሸንፌህ ነበር!"

"አንቀሳቀስካት?"

"አላንቀሳቀስኳትም። ማሽኑ ግን ያውቃል።"

ያውቅ ይሆናል፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያላበው ግን ይማም ነው። ተመልካቹ ደግሞ ይቅርታ እንድጠይቅ ይመስል አፍጥጦ ያየኛል። እኔ? አሸንፌ?

"አብሽር መምህር" አልኩት፣ ቀዝቃዛውን ዓሣ ወደ እኔ እየሳብኩ። "ስህተቴ እንዲህ ካደረገህ፣ ልክ የሠራሁ ቀን የት ልትገባ ነው?"