ባቡሩ ምን ይፈጫል?

ሰውን ከሰው የሚያጣላው የቋንቋ መለያየት ነው ያለው ማነው? የሚያጣላውስ አንድ ቋንቋ መናገር ነው!

አማቴ እማማ አበበች ሀዲይኛ ተናጋሪ፣ እኔ ወላይትኛ፤ መሐል ላይ አማርኛ ያገናኘናል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሆሳዕና መጥተው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ቤሪያ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቤታችን ከረሙ። ማክሰኞ ሊመለሱ ነው። እዚያ ሲደርሱ ጎረቤቱ ሁሉ «ምራትሽስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሳቸው ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ እንደሚለጠፍብኝ እናንተም ታውቃላችሁ! እስካሁን ያለኝ ውጤት አያኮራም። ከሱቅ በተገዛ ዱቄት ገንፎ አገንፍቼ ባቀርብ፣ አንዴ ቀምሰው «ይሄ ኖራ ነው» ብለው ገፋ አደረጉት።

ባለቤቴ ታምራት፣ ቶኮዛ ሰፈር ባለችው ስፓዛችን፣ ማለትም ትንሿ ሱቃችን ውስጥ ተቀብሮ ስለሚውል፣ እሳቸውን ማስደሰት የእኔ ዕዳ ሆነ። አሮጌው የእንፋሎት ባቡር ለሽርሽር እንደሚወጣ ስሰማ ዘለልኩ።

«እማማ፣ ቅዳሜ ባቡር ልወስድዎት ነው።»

«ባቡር? እዚህም አለ?» ፊታቸው በራ።

«አለ እንጂ! ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው!»

«ድንጋዩስ ደህና ነው?»

«ድንጋይ ከሰሉ? ሞልቶለታል!»

«ወረፋ ይበዛዋል?»

«በጠዋት ከደረስን ችግር የለም።»

ተግባባን… ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ነጭ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ እማማ አንድ ከባድ ከረጢት ታቅፈዋል። ስንቅ መሰለኝ። ታክሲ ውስጥም ለማንም አላስነካ አሉ።

ጣቢያው ካሜራ ባንጠለጠለ ሰው ተጨናንቋል። ባቡሩ ጥቁር፣ መንኮራኩሩ እኔን የሚያክል፣ እንደ በሬ የሚያናፋ! አስጎብኚው «ክላስ ቴን ነው፣ በዘመኑ ኤክስፕረስ የሚባለውን ፈጣን ባቡር የሚጎትት» እያለ ያብራራል። እኔ አስተርጓሚዋ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «አሥረኛ ክፍል ነው ይላል፣ እማማ።»

«መቶ ዓመት ሙሉ አሥረኛ ክፍል?» ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው፣ ማትሪክ እንዲህ ከበደው?»

ከዚያ ወደ ባቡሩ ጠጋ ብለው ከረጢቱን ፈቱ። «በይ፣ ገብሱ የሚጨመረው በየት በኩል ነው?»

ገብስ!

አሁን ገባኝ… እናንተ ከተማ ያደጋችሁ ላስረዳችሁ፦ እኛ ሰፈር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው! እኔም በልጅነቴ እህል ተሸክሜ የተሰለፍኩት ባቡር ቤት ነበር፤ ጆበርግ አስረሳኝ። ለካ እማማ ካገር ያመጡትን የተሸከሸከ ገብስ አስፈጭተው፣ ለልጃቸው «ገንፎ ማለት ይሄ ነው» ሊሉት ቆርጠው ነው የመጡት።

«እማማ፣ ይሄኛው እንኳ… አይፈጭም።»

«አይፈጭም? ታዲያ ይሄ ሁሉ ጭስ ምንድነው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! የሆሳዕና ጎረቤቶች ተሰብስበው ሲስቁብኝ ታየኝ።

«ሳውቦና፣ ጎጎ!» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። ከሰል የሚጨምረው፣ ሲፖ የሚባለው ሠራተኛ ነው፤ በዙሉኛ «ሰላም፣ አያቴ» ማለቱ ነው። የባቡር ሰዎች ቁርሳቸውን የሚጠብሱት ለካ በአካፋ ኖሯል! አካፋውን በፈላ ውሃ አጥቦ እንቁላል ሊሰብርበት ነበር። እማማ አካፋውን አዩ፤ እሳቱን አዩ፤ ገብሳቸውን አዩ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እጃቸውን ዘርግተው ሁለት እፍኝ አካፋው ላይ ዘረገፉ። ሲፖ ከት ብሎ ሳቀና ወደ እሳቱ ከተተው።

«አገላብጠው! አረረ እኮ! አገላብጠው እንጂ!»

«ዬቦ፣ ጎጎ! ዬቦ!» ይላል እሱ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከልብ ከቆሉ ምጣድም አይገድም! ቆሎው ሲንጣጣ ካሜራ ያንጠለጠለው ሁሉ ባቡሩን ትቶ መዳፉን ዘረጋ። እማማም እንደ ሰርግ ቤት ያድላሉ። እኔም ድርሻዬን ልቀበል ጠጋ ስል… ኡፍፍፍ! ባቡሩ የመቶ ዓመት ጥላሸቱን ነጭ ቀሚሴ ላይ ተነፈሰው።

ማታ እማማ ሆሳዕና ላለች አማርኛ ተናጋሪ ጎረቤታቸው፣ የስልኩን ድምፅ ለቀው ደወሉ። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ። ከወዲያ የጎረቤቷ ድምፅ «ምራትሽስ?» ሲል ጆሮዬን ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ደቀንኩ።

«ምራቴማ ደግ ናት! ግን ከባቡር ቤት ጠቁራ የወጣች ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ባቡራቸውስ እንዴት ነው?»

«አይፈጭም፣ ይቆላል። መቶ ዓመት አሥረኛ ክፍል የከረመ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሥራ?»