ወይዘሮ ሎርናና ስድስቱ ቀን

በየከተማው አንዲት የውሻ ጠበቃ አለች። እኛ ጋ የለችም የሚል ካለ ከተማው ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሎርና ቤተንኮርት ናቸው፤ እኔ ደግሞ በከተማው ጋዜጣ ላይ በሳቸው እያላገጥኩ ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝ።

ከሳቸው ማምለጥ ዘበት ነው። አይብ ልገዛ ስገባ መደርደሪያው ጋ ይይዙኛል። በጰራቅሊጦስ በዓል ቤተክርስቲያኑ ለሕዝቡ ለሚያድለው ሾርባ ስንሰለፍ ክርኔን ጨምድደው ይይዙኛል። የገዛ ወንድማቸው ቀብር ላይ፣ ሳጥኑ ሳይወርድ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቄሱን «አባ፣ ይቺን ይዩልኝ፣ ቤት ትፈልጋለች» ሲሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቄሱም ወሰዷት።

ወሬያቸው አንድ ነው፤ ሕጉ። ጎዳና ላይ የተገኘ ውሻ በመርፌ ከመገደሉ በፊት፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ስድስት ቀን መጠለያ ይቆይ የሚለው የግዛቱ ሕግ። ወጪውን የሚችለው ግዛቱ ስለሆነ፣ በጀት በጠበበ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። «ስድስት ቀን!» ይላሉ ወይዘሮ ሎርና ደረታቸውን እየመቱ። «እግዜር ዓለምን የጨረሰበት ጊዜ ነው፤ ሰው ውሻውን ለማግኘት ይብዛበት?» ሕጉን የተቃወመ የምክር ቤት አባል ካለ ስሙን ወይ ማዕረጉን ለአንዱ ውሻቸው ያወጡለታል። መናፈሻው ውስጥ «ሴናተር! ከቆሻሻው ውጣ፣ አንተ ሆዳም!» ሲሉ ያልሰማ የለም።

ዘንድሮ ስድስቱ ቀን ሦስት ይሁን፣ ገንዘቡም ይቅር የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም ለሣቅ የሚሆን አላጣም ብዬ፣ የውሻ ፀጉር በለበሰ መኪናቸው የግዛቱ ምክር ቤት ወዳለበት ሳክራሜንቶ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው ሲነዱ እኔ ንግግራቸውን እንዳነብላቸው ታዘዝኩ። አሥራ አንድ ገጽ!

«ወይዘሮ ሎርና፣ ምክር ቤቱ ፊት ለእንደኛ ዓይነቱ ተራ ሰው እኮ ስም፣ ከተማ፣ ድጋፍ ወይ ተቃውሞ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«ጠፍቶኝ ነው? ሃያ ዓመት ተሰልፌያለሁ። አንተ ዝም ብለህ አንብብ!»

አሥረኛው ገጽ ግን የቤታቸው ታሪክ ነበር። ባላቸው ማኑዌል ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ውሻቸው ፋሩስኮ በአጥሩ ሾልኮ ይጠፋል። እሳቸው ከአልጋው ሥር መለየት አልቻሉም። በአራተኛው ቀን መጠለያው ሲሄዱ የአንገት ማሰሪያውን ብቻ ሰጧቸው፤ ያኔ ሕጉ ሦስት ቀን ነበር። ማኑዌል በየማታው «ውሻው በላ?» ይላሉ። እሳቸውም እስከ መጨረሻዋ ቀን «በላ፣ አንተ ብቻ ዳን» ይሏቸው ነበር።

«ለማንም አውርቼው አላውቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «ማን ይጠይቀኛል? አንተ እንኳ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጽፍብኝ፣ ለምንድን ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጠይቄያቸው አላውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ተራቸው ሲደርስ ወረቀቱን እንደታጠፈ ይዘው ማይክራፎኑ ጋ ቆሙ። «ሎርና ቤተንኮርት፣ ከማልቫ። እቃወማለሁ።» አለቀ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ቀጣይ» አለ።

ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ለጋዜጠኛ ወገን ይዞ መናገር ክልክል ነው፤ አለቃዬ ቢሰማ ያባርረኛል። «ጆ ፍራጋ፣ ከማልቫ። እቃወማለሁ» አልኩ።

አራት ለሦስት ተሸነፍን። ወይዘሮ ሎርና የመኪናውን ቁልፍ ሰጡኝ። እኔ ነዳሁ፣ እሳቸው አለቀሱ። እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

አዲሱ ሕግ ከጸናበት ከሐምሌ ወዲህ ወይዘሮ ሎርና ሦስት ቀን የሞላቸውን ውሾች ከመጠለያው እየወሰዱ ቀሪውን ሦስት ቀን ቤታቸው ያስቆያሉ። ቤታቸው ሲሞላ ወደኔ ማምጣት ጀመሩ። ለሁሉም አልደረስንላቸውም፤ ስላልደረስንላቸው የምቀልደው የለኝም።

አሁን እግሬ ሥር አንድ ጆሮው የተቀደደ ቡናማ ውሻ ተኝቷል። በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሳል። አምስተኛ ቀኑ ነው። የእናንተ ከሆነ ኑ፤ መምጣት ያልቻላችሁ ደግሞ አይዟችሁ፣ ቀን አንቆጥርባችሁም።